ቤት ያለው ኮምፒውተር ላይ የማይረቡ ሳይቶችን እንዴት ነው የምዘጋው? ልታሳብደኝ ነው!

የጀሞዋ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ቤት ያለችው ዴስክቶፕ አናቴ ላይ ወጥታለች፣ እስቲ መላ በሉኝ።

ኮምፒውተሯ ዊንዶውስ 10 ናት፣ ያገለገለች ነው የገዛናት፣ ሦስት ሰው ይጠቀምባታል። እኔ የሂሳብ ሥራዬን ማታ ማታ ቤት አመጣለሁ። እናቴ ዩቲዩብ ላይ ስብከትና መዝሙር ትከታተላለች። ታናሽ ወንድሜ 14 ዓመቱ ነው፣ እሱ የሚከፍተውን እሱና ፈጣሪ ናቸው የሚያውቁት፣ አርሴናል በተጫወተ ቁጥር በነፃ የሚያሳይ ሳይት ፍለጋ የማይገባበት ጉድጓድ የለም።

ከአንድ ወር ወዲህ ስክሪኑ ላይ በስተቀኝ ታች ጥጉ ጋ መልእክት ብቅ ይላል። «ኮምፒውተርዎ 5 ቫይረስ አለበት»፣ «አሁኑኑ ያጽዱ»፣ አንዳንዴ ደግሞ እዚህ የማልጽፈው ዓይነት ፎቶ። ባለፈው እሁድ እማዬ ስብከት እየሰማች ሳለ ያ ፎቶ ብቅ አለላችሁ። በነጠላዋ ስክሪኑን ሸፍና ነው የጠራችኝ። ወንድሜ እምቢኝ እኔ አይደለሁም አለ፣ ማን ይመነው፣ ለሁለት ሳምንት ኮምፒውተሩ ጋ እንዳይደርስ ከልክዬዋለሁ።

የሚገርመው ምንም ሳይት ሳልከፍት፣ ኤክሴል ላይ እየሠራሁ እንኳ ይመጣል። አንቲቫይረስ ስካን አደረግሁ፣ ንጹሕ ነሽ አለኝ። ከዚያ አንድ ቪዲዮ አይቼ ሆስትስ የሚባለውን ፋይል ከፍቼ የአራት ሳይት ስም ጻፍኩበት፣ ሴቭ አደረግሁ፣ ሳይቶቹ ግን እንደ ድሮው ቁልጭ ብለው ይከፈታሉ።

እና ይህን ነገር እንዴት ላጥፋው? ለወደፊቱስ ልጁ መጥፎ መጥፎ ሳይት እንዳይገባ ማድረግ ይቻላል ወይ? ብር የሚያስከፍል ነገር አትንገሩኝ፣ ወሩ ገና 12 ነው።

---

ፎርማት ብቻ

ፎርማት አስደርጊያትና ተገላገይ። ቫይረስ አንዴ ከገባ አይወጣም። ዳታሽን ፍላሽ ላይ ገልብጪ፣ አዲስ ዊንዶውስ ይጫንላት፣ በግማሽ ቀን ያልቃል። እኔ በየስድስት ወሩ ነው የማስደርገው።

---

ባለ ስክሩድራይቨር

ኧረ ተው ወንድሜ፣ ሁሉ ነገር ፎርማት አይደለም! በየስድስት ወሩ ታስደርጋለህ ማለት እኮ አንድም ጊዜ አልዳነልህም ማለት ነው።

እኔ ጥገና ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። «ቫይረስ ገባበት» ተብሎ ከሚመጣልን ውስጥ ስንቱ ልክ እንደ እህታችን ነው መሰላችሁ። ፎርማት ይደረጋል፣ ብር ይከፈላል፣ ሰውዬው ቤቱ ሄዶ ያንኑ ሳይት ይከፍትና ያንኑ ቁልፍ ይጫናል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ «ሥራችሁ ጥሩ አይደለም» ይላል።

እህቴ፣ ያ ጥጉ ላይ የሚመጣው ቫይረስ አይደለም፣ ኖቲፊኬሽን ነው። የሆነ ቀን የሆነ ሰው አንድ ሳይት ከፍቶ «ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ አላው የሚለውን ይጫኑ» የሚል መጥቶለት ተጭኗል። በቃ፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሳይቱ ባይከፈትም መልእክት የመላክ ፈቃድ አለው። አንቲቫይረሱ ምንም ያጣው ለዚህ ነው። በአጥር ዘሎ የገባ ነገር የለም፣ በር ተከፍቶለት «ግባ» ተብሎ ነው የገባው።

ማረጋገጥ ከፈለግሽ ሲመጣ ተደናግጠሽ አትዝጊው። ከመልእክቱ ጋር በደቃቅ ፊደል የሳይት ስም ተጽፎ ታገኛለሽ። ስሙን ወረቀት ላይ ያዢ። መልእክቱን ግን እንዳትጫኚው፣ እሱ ነው የሚፈልገው።

ማጥፊያው ይኸው። ክሮምን ክፈቺ፣ ከላይ በስተቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጫኚ፣ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ከዚያ ሳይት ሴቲንግስ፣ ከዚያ ኖቲፊኬሽንስ። ታች ስትወርጂ ፈቃድ ያላቸው ሳይቶች ዝርዝር ይመጣል። የማታውቂውን ሁሉ ብሎክ በይው። ሪሙቭ ብቻ ካልሽው ነገ ተመልሶ መጠየቅ ይችላል፣ ብሎክ ነው የሚሻለው። እዚያው ገጽ ላይ ከላይ ሳይቶች ጭራሽ ፈቃድ እንዳይጠይቁ የሚያደርግ ምርጫ አለ፣ እሱንም ምረጪው። ኖቲፊኬሽን ቀርቶበት የሞተ ሰው የለም።

እግረ መንገድሽን ኤክስቴንሽኖቹንም (ክሮም ላይ የሚጨመሩትን ትንንሽ ፕሮግራሞች) እይ። «ፒዲኤፍ መቀየሪያ»፣ «ቪዲዮ ማውረጃ»፣ «ኩፖን» የሚል አንቺ ያልጫንሽው ካለ አጥፊው። ፍለጋ ስትፈልጊ ከጎግል ይልቅ ሌላ የማታውቂው ገጽ የሚከፍትብሽ ከሆነ ደግሞ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው ያለው።

አሁን ወደ ሆስትስ፣ ኮምፒውተሩ የሳይት አድራሻ መጀመሪያ የሚያይበት ፋይል ነው። ፋይሉ ለምን እንዳልሠራልሽ ከዚህ ሆኜ ልገምት፦ ኖትፓድ ላይ ሴቭ ስታደርጊ ከስሙ ኋላ ቲኤክስቲ የሚል ጭራ ቀጥሎበታል። ዊንዶውስ ጭራውን ስለሚደብቅ አንቺ ጋ «ሆስትስ» ብቻ ሆኖ ነው የሚታየው። ፎልደሩን ክፈቺ፣ ቪው ውስጥ ገብተሽ ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ የሚለውን ምልክት አድርጊበት፣ ሁለት ሆስትስ ጎን ለጎን ብታገኚ እንዳትገረሚ። እውነተኛው ጭራ የለውም። እሱን ለመቀየር ኖትፓድ ላይ ራይት ክሊክ አድርገሽ ራን አዝ አድሚኒስትሬተር ብለሽ ነው መክፈት ያለብሽ፣ አለዚያ ሴቭ አያደርግልሽም።

አጻጻፉ በእያንዳንዱ መስመር መጀመሪያ 0.0.0.0፣ አንድ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ የሳይቱ ስም ነው። ከፊት ሦስቱ ደብሊው ያለበትንም የሌለበትንም ለየብቻ ጻፊ፣ ለእሱ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ከዚያ ኮምፒውተሩን ሪስታርት። ደግሞ ፋይሉ ውስጥ አንቺ ያልጻፍሽው እንግዳ መስመር ካለ ንገሪኝ፣ ቫይረሶችም ይህን ፋይል ይወዱታል፣ የአንቲቫይረስ ድርጅቶችን ሳይት እዚያ ጽፈው ይዘጉብሻል።

---

አባ መላ

ባለ ስክሩድራይቨር ያለው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን ሆስትስን ለአራት አምስት ሳይት ነው የምመክረው። መጥፎ ሳይት በየቀኑ ይወለዳል፣ አንቺ ስንቱን በእጅሽ ጽፈሽ ትችያለሽ? በጅምላ የተዘጋጁ ዝርዝሮች አሉ፣ የስቲቨን ብላክ የሚባለው ጊትሀብ የሚባል የፕሮግራም ሠሪዎች ሳይት ላይ በነፃ ይገኛል፣ ማስታወቂያና ማልዌር (ጎጂ ፕሮግራም) ላይ ጨምሮ ቁማር ብቻ ወይ የአዋቂ ሳይት ብቻ የሚዘጉ ተጨማሪ ዓይነቶችም አሉት። ግን እሱንም ማን በየጊዜው ያድሳል።

የሚሻለው ዲኤንኤስ መቀየር ነው። ስሙ አያስፈራሽ።

አዲስ አበባ ውስጥ የሰው ቤት ስትፈልጊ ምን ታደርጊያለሽ? የቤት ቁጥር አታዪም። ሰፈሩ ጋ ደርሰሽ ሱቅ ጎራ ትዪና «የእትዬ እንትና ቤት በየት በኩል ነው?» ትያለሽ። ኮምፒውተርም እንደዚያው ነው። የሳይት ስም ስትጽፊ ቤቱን አያውቀውም፣ መጀመሪያ ባለ ሱቁን ይጠይቃል። ባለ ሱቁ ዲኤንኤስ ነው። አሁን አንቺ የምትጠቀሚው የኢንተርኔት አቅራቢሽ የሰጠሽን ባለ ሱቅ ነው፣ እሱ ደግሞ ማንም ማንንም ቢጠይቀው ያሳያል፣ የሌባ ቤትም ቢሆን «ያውልሽ፣ ሰማያዊው በር» ይልሻል። እኛ የምንፈልገው «ኧረ እዚያ ቤት አትሂጂ ልጄ፣ ሌቦች ናቸው» የሚል ባለ ሱቅ ነው።

እንደዚህ ዓይነት ባለ ሱቆች በነፃ አሉ። ክላውድፍሌር የሚባል የኢንተርኔት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ለቤተሰብ ብሎ ሁለት አወጣ። 1.1.1.2 ማልዌር ብቻ ይዘጋል። 1.1.1.3 ማልዌርም የአዋቂ ሳይትም ይዘጋል። ሁለተኛ መጠባበቂያ ቁጥር ሲጠይቅሽ ለመጀመሪያው 1.0.0.2፣ ለሁለተኛው 1.0.0.3 ትሰጪዋለሽ። ሌላው ኳድ9 ነው፣ 9.9.9.9፣ መጠባበቂያው 149.112.112.112። ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው፣ ማጭበርበሪያና ማልዌር ላይ በርታ ያለ ነው፣ የአዋቂ ሳይት ግን አይመለከተውም። ላንቺ ቤት 1.1.1.3 ነው የሚሆነው። የጎግሉ 8.8.8.8 ፈጣን ነው ብሎ የሚነግርሽ ሰው አይጠፋም፣ እውነቱን ነው፣ ግን ምንም አይዘጋም።

ዊንዶውስ 10 ላይ፦ ኮንትሮል ፓነል፣ ኔትዎርክ ኤንድ ሼሪንግ ሴንተር፣ በግራ በኩል ቼንጅ አዳፕተር ሴቲንግስ። የምትጠቀሚው ዋይፋይ ወይ ኢተርኔት ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ። ከዝርዝሩ ኢንተርኔት ፕሮቶኮል ቨርዥን 4 የሚለውን መርጠሽ እንደገና ፕሮፐርቲስ። ከታች በኩል ዲኤንኤሱን ራስሽ እንድትሰጪ የሚያደርገውን መርጠሽ ሁለቱን ቁጥር ጻፊ፣ ኦኬ። ቨርዥን 6 የሚለውም ምልክት ካለበትና ኢንተርኔትሽ የሚጠቀምበት ከሆነ በዚያ በኩል ሾልኮ የድሮውን ባለ ሱቅ ሊጠይቅ ይችላል፣ ስለዚህ ምልክቱን አንሺው።

ቁጥሩን ከመጻፍሽ በፊት ግን እዚያ ቀድሞ የተጻፈ ነገር ካለ እይ። ያገለገለ ኮምፒውተር ነው አላልሽም? ባለ ሱቁ ራሱ ሌባ ሊሆን ይችላል። ዲኤንኤስ ቼንጀር የሚባል ማልዌር ነበር፣ ሥራው ሌላ አልነበረም፣ የሰዉን ዲኤንኤስ ወደ ራሳቸው መቀየር ብቻ። ኤፍቢአይ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2011 ላይ ኢስቶኒያ የነበሩትን ሰዎች ሲያስይዝ በዓለም ዙሪያ ወደ አራት ሚሊዮን ኮምፒውተር ተበክሎ ነበር። ሰርቨሮቹን ባንዴ ቢያጠፏቸው ያ ሁሉ ሰው ኢንተርኔት ሊቋረጥበት ሆነ፣ ስለዚህ እስከ 2012 ጁላይ ድረስ ጊዜያዊ ሰርቨር ቆሞላቸው ነው የቆየው። አስቡት፣ የሌባን ሱቅ መንግሥት ተረክቦ ሌላ ሰው እንዲያስተዳድርለት ሲሰጥ።

መሥራቱን ለማየት ክላውድፍሌር ራሱ ያዘጋጀው የመሞከሪያ ገጽ አለ፣ ማልዌር ዶት ቴስትካቴጎሪ ዶት ኮም፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፊው። ካልተከፈተ ሠርቷል ማለት ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ «ይህ ሳይት ታግዷል» የሚል ቆንጆ ገጽ አይመጣም፣ ዝም ብሎ ሳይቱ አልተገኘም ነው የሚለው። እናትሽ «ኔትወርክ ጠፋ» ብትልሽ መጀመሪያ ምን ልትከፍት እንደነበር ጠይቂያት።

ራውተሩ ላይ ብትቀይሪው ደግሞ የቤቱ ስልክ ሁሉ አብሮ ይገባል። አንዳንድ ራውተር ግን ይህን ቦታ ቆልፎ ነው የሚመጣው፣ ከሆነልሽ ጥሩ። እዚያ ስትገቢ የራውተሩን የአድሚን ፓስወርድ ቀይሪ፣ ፋብሪካው በሰጠው ፓስወርድ የተቀመጠ ራውተር ሳይቆለፍ እንደታደረ በር ነው።

ስለ ሆስትስ አንድ ጨዋታ ልጨምርና ላብቃ፣ ፋይሉ ከዲኤንኤስ ይበልጣል በዕድሜ። ድሮ ኢንተርኔት ገና አርፓኔት ሳለ ካሊፎርኒያ ያለ አንድ የምርምር ተቋም ውስጥ የሁሉም ኮምፒውተር ስም የተጻፈበት አንድ ዝርዝር ነበር፣ ሁሉም ከዚያ ነበር የሚገለብጠው። ዝርዝሩ ሲረዝም አልቻሉም፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ዲኤንኤስ መጣ። ፋይሉ ግን ዛሬም አልሞተም፣ ኮምፒውተርሽ ባለ ሱቁን ከመጠየቁ በፊት መጀመሪያ ኪሱ ያለችውን ያችን ወረቀት ያያል።

---

ነቄ

እኔ 16 ዓመቴ ነው፣ በወንድምሽ በኩል ቆሜ ልናገር 😄

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ልጁ ቪፒኤን ከከፈተ አለቀ። በ2015 የካቲት ላይ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብ ሲገደቡ አያቴ እንኳ ናት «ያን ቪፒ ክፈትልኝ» ስትለኝ የነበረችው። ሰፈር ውስጥ ቪፒኤን የማያውቅ ልጅ የለም። አባ መላ በሱቅ ስላስረዳ እኔም በሱቅ ላስረዳ፣ ቪፒኤን ማለት ኮንትራት ታክሲ ይዞ ሌላ ሰፈር ሄዶ ሌላ ባለ ሱቅ መጠየቅ ነው። ኦፔራ ብሮውዘር ደግሞ ከነቪፒኤኑ ነው የሚመጣው፣ ምንም መጫን ሳያስፈልግ።

ሌላም አለ። ክሮምና ፋየርፎክስ ሴቲንግ ውስጥ ሴኪውር ዲኤንኤስ የሚባል አለ። ልጁ እዚያ ገብቶ ሌላ ከመረጠ ብሮውዘሩ የእናንተን ባለ ሱቅ ትቶ የራሱን ይጠይቃል። ዊንዶውሱ ላይ ብትቀይሪም አይሰማሽም። እኔ በዚህ ነው... ተዉት።

እሺ መፍትሔውንም ልንገርሽ፣ ከዳሁት መሰለኝ። ሁላችሁም የምትገቡበት አካውንት አድሚን ከሆነ ቁልፉን ከበሩ ላይ ትታችሁታል ማለት ነው። ለራስሽ አድሚን አካውንት ከነፓስወርዱ ያዢ፣ ለእሱና ለእናትሽ ስታንዳርድ የሚባለውን ክፈቺላቸው። ስታንዳርድ አካውንት ዲኤንኤስ መቀየር፣ ሆስትስ መንካት አይችልም፣ ብዙ ፕሮግራምም ፓስወርድሽን ሳይጠይቅ አይጫንም። ብዙ አልኩ እንጂ ሁሉም አላልኩም።

የኳስ ሳይቱን በተመለከተ፣ ሕጋዊ አይደሉም፣ ያ የታወቀ ነው፣ ግን ልጁ ማየቱን አይተውም። እዚያ ሳይት ላይ ትልቁ ፕሌይ የሚለው ምልክት ማስታወቂያ ነው፣ እውነተኛው ትንሿ ናት፣ እስክታገኛት አራት ገጽ ይከፈትብሃል። ማስታወቂያ ማገጃ ካለ ይህ ሁሉ ይቀራል። ዩብሎክ ኦሪጂን የሚባለው ነው ምርጡ፣ ነፃ ነው። ክሮም ሕጉን ቀይሮ ሙሉው አይሠራበትም፣ ላይት የሚባለው ብቻ ነው የቀረው፣ ፋየርፎክስ ላይ ግን ሙሉው አለ። ፓኬጅም ይቆጥባል፣ ማስታወቂያ ቪዲዮ ስንት ሜጋ እንደሚበላ ብታውቂ።

---

ባለ ስክሩድራይቨር

@ነቄ አንተ ልጅ ነገ ሱቅ ና፣ ሥራ አለህ።

ነፃ ቪፒኤን ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ያ ኮንትራት ታክሲ የምትሄድበትን ሁሉ የሚያይ ሹፌር አለው፣ በነፃ የሚያመላልስህ ሹፌር ደግሞ ነዳጁን ከየት እንደሚያመጣ ጠይቅ።

---

ሚሚ ከቨርጂኒያ

እህቴ፣ የእናትሽን ነገር ሳነብ አባቴ ትዝ አለኝ። እሱ እዚህ እኛ ጋ ነው፣ ጡረታ ወጥቷል። አንድ ቀን ስክሪኑ ሙሉ ሰማያዊ ሆኖ፣ ድምፅ እየጮኸ፣ «ኮምፒውተርዎ ተቆልፏል፣ በዚህ ቁጥር ይደውሉ» አለው። ደወለ። ሰውዬው በትሕትና አናግሮት በርቀት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም አስጫነው፣ አይጡ በራሱ ሲንቀሳቀስ እያየ ተቀምጧል ጋሼ! ወንድሜ ባጋጣሚ ገብቶ ገመዱን ባይነቅለው የባንኩን ገጽ እየከፈቱ ነበር። እውነተኛ የማስጠንቀቂያ መልእክት ስልክ ደውል አይልም፣ ለእናትሽ ይህን አንድ ነገር ብቻ ብትነግሪያት ይበቃል። ስክሪኑ እንዲያ ሲሞላ ኮንትሮል፣ ኦልትና ዲሊት አንድ ላይ ተጭኖ ታስክ ማናጀር ከፍቶ ብሮውዘሩን መዝጋት ነው፣ ካልሆነ ማጥፊያውን ተጭኖ መያዝ።

ሁለተኛው የኛ ሰው በሽታ ዲቪ ነው። የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ ሆና «አሸንፈሻል» የሚል ኢሜይል ደርሷት፣ ሳይቱ ላይ የአሜሪካ ባንዲራ፣ ንስር፣ የሌለ ነገር የለም። የፓስፖርት ፎቶዋን ጭናለት ሁሉ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት አሸንፈሻል ብሎ ኢሜይል አይልክም፣ ራስሽ ነሽ ገብተሽ በማረጋገጫ ቁጥርሽ የምታዪው፣ አድራሻውም የሚያልቀው በዶት ገቭ ነው። መሀሉ ላይ ገቭ ኖሮት በዶት ኮም የሚያልቅ አለ፣ መጨረሻውን ነው ማየት።

ይህን ያልኩት ለምን መሰላችሁ፣ ያ ሳይት የተከፈተ ገና በሳምንቱ ነበር። ኳድ9 ቤታችን አለ፣ ከዚህ ስሞክረው ያኔ አልዘጋውም፣ ከአምስት ቀን በኋላ ነው የዘጋው። ባለ ሱቁ አዲስ የገባውን ተከራይ እስኪያውቀው ጊዜ ይፈልጋል።

---

ፎርማት ብቻ

እሺ እኔ ተሸነፍኩ። ግን ያገለገለ ኮምፒውተር ላይ ያለው ዊንዶውስ ክራክ (ሳይገዛ ቁልፉ ተሰብሮ የተጫነ) ቢሆንስ? ያንንም ዲኤንኤስ ያድነዋል?

---

አባ መላ

እዚህ ላይ እውነት አለህ፣ አይካድም። ክራክ የሚጭንልህ ሰው መጀመሪያ የሚልህ «አንቲቫይረሱን አጥፋው» ነው፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደገባ ማን ያውቃል። ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ገብታ ዲፌንደር (የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ) በርቶ እንደሆነ ታረጋግጥ፣ የማይበራ ከሆነ ወይም ሴቲንጉ ተቆልፎ ከተገኘ ያኔ ያንተ ፎርማት ትክክል ነው። እዚያው አፕ ኤንድ ብሮውዘር ኮንትሮል ውስጥ ሬፑቴሽን ቤዝድ ፕሮቴክሽን የሚለውን ታብራ፣ ከነፃ ፕሮግራም ጋር ተጠቅልሎ የሚመጣውን ኮተት ያግዳል። ዊንዶውስ 10ን ደግሞ ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል፣ ማሽኗ ከቻለች ወደ 11 ብታሳድጋት ጥሩ ነው።

አንድ ነገር፣ የጅምላ ሆስትስ ዝርዝር ከጫነች በኋላ ዲፌንደር «ሆስትስ ፋይልሽ ተጠልፏል» ብሎ ቢጮህ አትደንግጥ። የማይክሮሶፍትን አድራሻ የሚዘጋ መስመር ሲያገኝ እንደዚያ ይላል።

---

የጀሞዋ

ሰዎች፣ ውጤት ይዤ መጣሁ። ቁጭ በሉ።

ኖቲፊኬሽን ውስጥ ገባሁ። 11 ሳይት ነው ያገኘሁት! አንዱን አንዱን ስሙን ሳነብ ሰባቱን አላውቃቸውም፣ ሁለቱ የኳስ ናቸው፣ እነሱ የወንድሜ። አንዱ የእናቴ፣ የመዝሙር ማውረጃ ነው። ያ ሲያሳብደኝ የከረመው፣ ባለ ስክሩድራይቨር እንዳለው ስሙን ወረቀት ላይ ይዤው ስለነበር አገኘሁት። ፒዲኤፍ ወደ ዎርድ የሚቀይር ሳይት ነው። ማን እንደከፈተው ገመታችሁ? እኔ ነኛ! ሂስትሪው ላይ ቀኑ ራሱ አለ፣ የሩብ ዓመቱን ሪፖርት ያስረከብኩበት ሌሊት፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ። እንቅልፍ እየጣለኝ «አላው» ብዬ ተጭኜለታለሁ።

ልጁን ሁለት ሳምንት ነው የቀጣሁት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው። ይቅርታ ጠየቅሁት፣ በቀላሉ አልተቀበለኝም፣ በርገር ጋበዝኩት።

ሆስትሱም ልክ እንዳልከው፣ ሁለት ሆነው ጎን ለጎን ቁጭ ብለዋል፣ የኔው ባለ ጭራው። እንግዳ መስመር የለበትም። ዲኤንኤሱን 1.1.1.3 አደረግሁት፣ የመሞከሪያው ገጽ አልተከፈተም፣ ደስ አለኝ። ራውተሩ ላይ ግን ቦታውን አገኘሁት፣ አልጻፍም አለኝ፣ ፓስወርዱን ብቻ ቀይሬ ወጣሁ። ዲፌንደርም በርቷል።

ለወንድሜ ስታንዳርድ አካውንት ስከፍትለት «ለምን?» አለኝ፣ የነቄን መልስ አስነበብኩት፣ አንብቦ ሲስቅ «ይኼ ልጅ ሸጠን» አለ። ከዚያ ራሱ ፋየርፎክስ አውርዶ ዩብሎኩን ጫነልኝ፣ ለመጫን ፓስወርድ ሲጠይቀው ፊቱን ብታዩት።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ራውተሩ እምቢ ካለ ስልኩ ላይስ? ቴሌግራም ላይ የሚላኩለት ሊንኮች ናቸው የሚያስፈሩኝ፣ «ነፃ 10 ጊጋ» የሚሉት።

---

አባ መላ

አንድሮይድ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬት ዲኤንኤስ ብለሽ ፈልጊ። እዚያ ቁጥር አይቀበልም፣ ስም ነው የሚፈልገው። ፋሚሊ ዶት ክላውድፍሌር-ዲኤንኤስ ዶት ኮም፣ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ክፍት ቦታ ሳይኖረው። ቤት ዋይፋይም ላይ ሞባይል ዳታም ላይ ይሠራል። ሊንኩን ተጭኖ ብሮውዘር ሲከፈት የታወቀ መጥፎ ሳይት ከሆነ ያግድለታል። ቴሌግራሙ ውስጥ ቻናል ላይ የሚለቀቀውን ፎቶና ፋይል ግን አይነካውም፣ እሱ የሚመጣው ከቴሌግራም ከራሱ ስለሆነ ባለ ሱቁ አያየውም። ኤፒኬ ፋይል (የአንድሮይድ አፕ መጫኛ) በቴሌግራም ከመጣለት እንዳይጭን ንገሪው።

---

ባለ ስክሩድራይቨር

ያቺ ሪፖርቱን ያመላለስሽባት ፍላሽ የት ናት? ቢሮ ስትሰኪያት ፎልደሮችሽ ሾርትከት ሆነው ከመጡ አትክፈቻቸው፣ አምጫት።

---

የጀሞዋ

እንዴ! በምን አወቅህ? ነገ መጣሁ፣ ሱቁ የት ጋ ነው?